ከሜዳ የሸሸ ሸማኔ

ወረታ ከመድረሴ በፊት ሽታዋ ይቀድመኛል። ዛሬ ያ ሽታ የሩዝ ገለፈት ነው። በየመፈልፈያው ጓሮ ተከምሮ፣ ዝናብ ነክቶት፣ ከሥሩ እየጨሰ የሚሰነብተው ገለፈት ከከተማው መግቢያ ጀምሮ ሰው ይቀበላል። እኔ በወጣትነቴ የማውቃት ወረታ እንዲህ አትሸትም ነበር። ያኔ ሩዝ በፎገራ ሜዳ ላይ ገና እንግዳ እህል ነው፤ የእኛ ቤት ሰዎች ጤፍና ጓያ እንጂ ሌላ አያውቁም። ከተማዋ የምትሸተው እርጥብ የከብት ቆዳ፣ ኑግና ከጭነት መኪኖች የሚንጠባጠብ ናፍጣ ነበር። በቅርቡ ከአውቶቡስ ወርጄ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ በሚለያዩበት መገንጠያ ላይ ስቆም፣ በገለፈቱ ሽታ መሀል ያ ናፍጣ አንድ ጊዜ ሽው አለብኝ። ሻንጣዬን መሬት አስቀምጬ ትንሽ ቆምኩ።

የመጣሁት ግን ለትዝታ አልነበረም። መቅደስ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ደውላልኝ ነው። ጦር ሜዳ ቆይተው የተመለሱ ሰዎችን ታጠናለች። ካዩት አሰቃቂ ነገር በኋላ አእምሯቸው ውስጥ የቀረው ጭንቀት ከስኳር፣ ከደም ግፊትና ከመሳሰሉት የማይለቁ በሽታዎች ጋር ምን እንደሚያገናኘው ማወቅ ትፈልጋለች። «ጋሼ፣ እርስዎ ድሮ ስለ ምልስ ወታደሮች ጽፈው ነበር አሉ» አለችኝ። ጽፌ ነበር። «ሰዎቹ ለማያውቁት አይናገሩም። የሚያውቁት ሰው ካለ ያስተዋውቁኝ።» ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ጉልበቴም መንገድ አይወድም። ግን ፈንታሁን ነበረ። መጀመሪያ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ፣ ቀጥሎ ሃምሳ አለቃ፣ በመጨረሻ ሸማኔ የሆነው ፈንታሁን። እሺ አልኳት። መገንጠያው ላይ ስንገናኝ የያዘችውን የስም ዝርዝር አሳየችኝ። ሁሉም ሽማግሌ አይደሉም፤ ልጆቼ የሚሆኑም አሉበት። ወረቀቱን አጥፌ መለስኩላት።

መገንጠያው ዛሬ ባጃጅ በባጃጅ ነው። ያኔ ባጃጅ የለም፤ ፈረስ የሚጎትተው ጋሪና ቀን ሙሉ ጎማ የሚያስነፉ የጭነት መኪኖች ነበሩ። ጥጉ ላይ ግድግዳዋ ሰማያዊ የተቀባ ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ በብርጭቆ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ ሲጨመር ሃምሳ። ባለቤቷ ለደንበኛ ስኳር በማንኪያ ቆልላ፣ ለመንገደኛ ደግሞ ማንኪያውን አስተካክላ ነበር የምታደርግ። የቴፑ ባትሪ ሲደክም ዘፋኙ እየተጎተተ፣ የፍቅሩ ዘፈን ወደ ልቅሶ ይዞርና ማንም ሳያጠፋው ይቀጥላል። እኔ ክርኑ የተጣፈ ኮት ለብሼ፣ ሁለት እስክሪብቶ ደረት ኪሴ ላይ ሰክቼ እዚያ እቀመጥ ነበር። አንዱ እስክሪብቶ አይጽፍም፤ ለመልክ ነው። ከዚያች ወንበር ላይ ሆኜ ነው ወታደሮቹ ሲመለሱ ያየኋቸው። ዓመቱን ሌላ ሰው ይጻፈው። የለበሱት ካኪ ፀሐይ በልቶት ነጥቷል፤ ማዕረጉ የተነቀለበት ቦታ ብቻ እንደ አዲስ ጨርቅ አረንጓዴ ነበር። ከስክስ ጫማቸውን ገበያ ላይ በአሥር በአሥራ አምስት ብር ሸጠው በኮንጎ ፕላስቲክ የሚሄዱ ነበሩ። ፈንታሁን ግን ጫማውን አልሸጠም።

ቤተሰቡ ከከተማው ወደ ርብ ወንዝ በሚወስደው ሜዳ ላይ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። አባቱ አያ አለባቸው ልጁ በሕይወት መመለሱን ሲያይ በግ አረደ፤ በሦስተኛው ቀን ሁለት በሬና ከራሱ ይዞታ ላይ ጥሩ መሬት ቆርሶ ሰጠው። ፈንታሁን ማረስ ጀመረ። አንድ ወር አልሞላውም። አንድ ረፋድ ላይ በሬዎቹን እንደ ጠመደ እርሻው መሀል ትቶ፣ በእግሩ ወደ ወረታ መጣ። በሬ ጠምዶ ጥሎ መሄድ በዚያ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ማስረዳት አያስፈልግም። በሬዎቹ ቀንበራቸውን እንደ ተሸከሙ የጎረቤት ጓያ ገብተው ተገኙ። ሰነፍ ነው አሉ፤ የመንግሥት እንጀራ አበላሽቶታል አሉ።

በዚያው ሰሞን መገንጠያው ላይ የአንድ ጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ። ፈንታሁን ሻይ ቤቷ በር ላይ ቆሞ ነበር። ዓይናችን እያየ የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ በደረቱ ተኛ፤ ጭቃውም የሰፈር እድፍም አንድ ላይ ተቀበለው። ሰው ሳቀ። ረዳቱ ከመኪናው ጫፍ ላይ ሆኖ «ሃምሳ አለቃ፣ ጠላት ሸሽቷል፣ ውጣ!» ብሎ ጮኸ። እኔም ሳቅሁ። ይህን የምጽፈው የሆነ ነገር ስለሆነ ነው።

ከገበያው ጀርባ አያ መኩሪያ የሚባሉ አሮጌ ሸማኔ ነበሩ። ፈንታሁን በራቸው ላይ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሲያያቸው ይውል ጀመር። የሸማኔ ነገር ለማያውቅ ይህን ልበል፤ ሸማኔ መሬት ውስጥ ጉድጓድ ይቆፍርና አፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ያስገባል። ከታች ሁለት መርገጫዎች አሉ። የመርገጫውን ገመድ በባዶ እግሩ፣ በአውራ ጣቱና በሁለተኛዋ መሀል ይይዝና አንዴ ግራውን አንዴ ቀኙን ይረግጣል። እጁ መወርወሪያውን ይወረውራል። አንድ ቀን ፈንታሁን «አስተምሩኝ» አላቸው። ሽማግሌው መወርወሪያውን አቆሙ።

«የአለባቸው ልጅ፣ እኔን ልታሰድብ ነው? ገበሬ ሸማኔ ቤት ጋቢ ሊያሠራ ይመጣል እንጂ ሸማኔ ሊሆን አይመጣም።»

«ይስደቡኝ እኔን።»

«አባትህስ?»

አባቱ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ «እኔ ቁጢት በጣሽ አልወለድኩም።» ይህ በእኛ አገር ለሸማኔ የሚሰነዘር ስድብ ነው። ከዚያ በኋላ የልጁን ስም አልጠራም። ፈንታሁን ግን ተማረ። የራሱን ጉድጓድ ሲቆፍር አያ መኩሪያ መጥተው አዩና «አንተ ሰውዬ፣ ልትሸምን ነው ወይስ ውሃ ልታወጣ?» አሉት። ሌላው ሸማኔ እስከ ወገቡ ነው የሚገባው። ፈንታሁን እስከ ደረቱ የሚውጠው ቆፍሮ፣ የመቀመጫውን ድንጋይ ወደ ውስጥ ዝቅ አድርጎ፣ መሣሪያውን ለዚያ እንዲመች አስተካክሎ ሠራው። ከደጅ ስትገባ የሚታይህ ራሱና እጁ ብቻ ነበር።

እኔ ያኔ ከምሠራበት ጋዜጣ ስለ ተመላሾቹ እንድጽፍ ታዝዤ ነበር። ወደ እሱ ሄጄ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁና እርሻውን ለምን እንደ ተወ ጠየቅሁት።

«ሜዳው ገላጣ ነው» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«መጠጊያ የለውማ። አንተ ፎገራ ላይ ቆመህ ስታይ የምታየው ከብትና አዝመራ ነው። እኔ የማየው ጠላት ከየት ከየት እንደሚያየኝ ነው። ጎረቤት ጅራፉን ባጮኸ ቁጥር ከሞፈሩ ሥር ነኝ። በሬው እንኳ ታዘበኝ።»

«እዚህስ?»

«እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ስገባ ልቤ ይተኛል። ለማንም አትንገር።»

ደብተሬ ላይ ቃል በቃል ጻፍኩት። ለጋዜጣው ስጽፍ ግን ለዚያ ነገር ስም አጣሁለት። አለቃዬ የሚፈልገው ችግሩና መፍትሔው የታወቀ ጽሑፍ ነው። ለማንም አትንገር ያለኝንም ሰበብ አደረግሁት። «የእርሻ መሬት ጠቦት ወደ ከተማ በመምጣት የእጅ ሙያ የተማረው የቀድሞ ወታደር ዛሬ ሕይወቱን በሰላም እየመራ ነው» ብዬ ጻፍኩ። መሬት በብዙ ቤት ጠቦ ስለነበር ማንም አልጠየቀኝም። ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ፤ ያቺ ዓረፍተ ነገር ውሸት ናት ብዬ ያሰብኩባት ቀን አልነበረም።

አሁን ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበታል። ግራና ቀኙ ፎቅ ወጥቷል፤ የሱ ቤት በመሀላቸው ቆርቆሮዋ ዝጎ ቀርታለች። ስንገባ ፈንታሁን ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ፊቱ ከስቷል። ሚስቱ ይታይሽ ከበሩ አጠገብ ጥጥ ትፈትላለች። ይታይሽ የሸማኔ ሚስት አትሆኝም ብለው ዘመዶቿ ሲያስቸግሯት ጥሳ ያገባችው ናት።

«ጋዜጣው!» አለ ሲያየኝ። ድሮም በስሜ አይጠራኝም። «አልሞትክም እንዴ?»

«አንተን ሳልቀብር?»

«እኔማ ቀድሜ ገብቻለሁ፤ አፈሩን መመለስ ነው የቀረህ።»

መቅደስ ሳትወድ ሳቀች። አስተዋወቅኋት። በርጩማ ቀርቦላት ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ተቀመጠችና ቅጿን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ፈቃዱን ጠየቀች፤ ሰጣት። መጠየቅ ጀመረች።

«አባቴ፣ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ስለ ውጊያው ክፉ ሕልም አይተዋል?»

«ተመስገን።»

«እንቅልፍዎስ እንዴት ነው?»

«ተመስገን ልጄ፣ ምን እላለሁ።»

«ድንገት ድምፅ ሲሰሙ ይደነግጣሉ?»

«ያው ነው፣ ተመስገን።»

«ስኳር አለብዎት ተብለው ያውቃሉ?»

«አዎን፣ ብለውኛል። እሱም ተመስገን ነው።»

«መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስዳሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አልኩሽ እኮ። አንች ልጅ፣ እናትሽ ተመስገን ማለት አላስተማረችሽም?»

ወረቀቷን ዘወር ብዬ አየሁ። ከስኳሩ በቀር ሁሉም ላይ «የለም» የሚለውን ነበር የምትመርጠው። እሷ አልተሳሳተችም፤ ቅጹ ከዚያ ሌላ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። እኛ አገር ግን ቤትህ የመጣ እንግዳ ስለ ጤናህ ሲጠይቅህ ሕመም መዘርዘር ፈጣሪን መክሰስ ነው። ተመስገን ማለት አለ ማለትም የለም ማለትም አይደለም። በትሕትና የተዘጋ በር ነው። ስንት ሽማግሌ እንዲህ ብሎላት ስንቱ ጤነኛ ተብሎ እንደተጻፈ አስቤ ደከመኝ።

ይታይሽ እንዝርቷን አስቀምጣ በዓይኗ ጠራችኝ። ጓሮ ወጣን። ከገመድ ላይ አንድ ጋቢ አውርዳ ፀሐይ ላይ ዘረጋችልኝ።

«ጋሸ፣ እስኪ ይዩት።»

አየሁት። እንደ ጠባሳ ወፍራም የሆኑ መስመሮች ጋቢውን ከዳር እስከ ዳር በየስንዝሩ ያቋርጡታል።

«ሁለት ማግ አንድ ላይ እየተኛበት ነው» አለች። «አንዱን እግሩን ሳይረግጥ ይወረውርና ክሩ በቀደመው ላይ ይደረባል። የወሰዱ ሰዎች እየመለሱብኝ ነው። ዓይኔ ነው ይለኛል።»

«አይደለም?»

«ጥለቱን ይዩት። ዓይን ቢሆን ጥለቱ ነበር የሚበላሸው። ጥለቱ እንደ ድሮው ነው፤ እጁና ዓይኑ ደህና ናቸው። የከዳው እግሩ ነው። ግራው።» ጋቢውን አጠፈችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጉድጓዱ ውስጥም ካልሲ ያጠልቃል፤ ካልሲውንም ራሱ ማጠብ ጀምሯል። ይኸን ሁሉ ዓመት ሸሚዙን አጥቦ የማያውቅ ሰው! ሲተኛም ጫማውን አያወልቅም፤ እሱስ የድሮ አመሉ ነው፤ ሲባንን ባዶ እግሩን እንዳይገኝ ነው። አሁን ግን አልጋው ይሸታል። ሐሙስ ወንዛዬ እሄዳለሁ ብሏል፣ ሰባት ቀን ፍል ውሃ ሊገባ። አንድ በሉት፣ እኔን አይሰማም።»

ወንዛዬ ቁርጥማት ያለበት ሁሉ የሚሄድበት ፍል ውሃ ነው፤ እኔም ለጉልበቴ ሄጄበታለሁ። ገብቼ ለመቅደስ በጆሮዋ ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። ስኳር የቆየበት እግር ሙቀት አይሰማውም፤ ውሃው ሲቀቅለው ሰውየው ተመቸኝ ብሎ ይቀመጣል አለችኝ። ቅጹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ፈንታሁን፣ እግርህን አሳየን» አልኩት።

«እግር ለእንግዳ አይታይም።»

«እኔ እንግዳ ነኝ?»

«አንተማ ከእንግዳ ትብሳለህ። ትጽፋለህ።» መወርወሪያውን ድሩ ላይ አስቀመጠ። እስካሁን ድምፁ የቀልድ ነበር፤ እዚህ ላይ ቀልዱ ጠፋ። «ያኔ የነገርኩህን መቼ ጻፍከው? መሬት ጠበበው አልክ። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ ጋዜጣውን ደብተራ ጠርቶ አስነበበ። ‹ከራሴ ቆርሼ ሰጥቼው አልሰጠኝም ብሎ በአገር ፊት ከሰሰኝ› እያለ ነው የሞተው። ቀብሩ ላይ ወንድሞቼ አላቀረቡኝም። አንተን ለመክሰስ አይደለም። ለሰው የሚነገር ነገር እንደሌለኝ ግን ያን ጊዜ ነው የገባኝ።»

ይህን ከዚያ ቀን በፊት ሰምቼው አላውቅም። በሥራዬ ስሕተት ሲገኝብኝ የማደርገውን አውቃለሁ፤ ሰበብ ሳይጨመር ማረም ነው። ስለዚህ እዚህ አርማለሁ። ለፈንታሁን መሬት አልጠበበውም። አባቱ አያ አለባቸው ሁለት በሬና ጥሩ መሬት ሰጥቶታል። ልጁም አባቱን አልከሰሰም። ያን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ለሱም በዚያው በጉድጓዱ አፍ ላይ እንዲሁ አልኩት። «ሜዳው ገላጣ ነው ነበር ያልከኝ። እኔ ነኝ መሬት ጠበበው ያልኩ። ተሳስቼ አይደለም፤ የነገርከኝን ለመጻፍ ስላልደፈርኩ ነው።»

ከደጅ ባጃጅ ጥሩንባውን እያስጮኸ አለፈና የፈንታሁን ትከሻ ዘለለ፤ መቅደስ አየችው፣ እሱም እንዳየችው አየ። ከዚያ ሁለት እጁን አፈሩ ላይ ተመርኩዞ ግራ እግሩን ወደ ላይ አወጣው። ካልሲው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ነበርና ይታይሽ ውሃ አምጥታ እያራሰች አወለቀችለት። አውራ ጣቱና ሁለተኛዋ ከሰል መስለው ጠቁረዋል። ሽታውን አልጽፈውም።

«ያማል?» አለችው መቅደስ።

«ቢያምማ አሳይ ነበር» አላት።

በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስነው። ፈንታሁን መጋረጃውን አስወርዶ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ነበር የተቀመጠው። ባለ ባጃጁ በመስታወቱ አይቶ «አባቴ፣ አይፍሩ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳ» አለው። «አንተን አይደለም» አለ ፈንታሁን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ረጋ ያለ ነው። ሁለቱ ጣቶች ዛሬ ወይም ነገ መቆረጥ እንዳለባቸው፣ ቢዘገይ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም ሲያልፍ እስከ ጉልበት እንደሚሄድ ነገረው።

«የትኞቹ ጣቶች ናቸው?» አለ ፈንታሁን፣ እያየ ሳለ።

«አውራ ጣትዎና አጠገቧ ያለችው።»

«እንግዲያው ይቅር።»

ሐኪሙ ያልገባው መስሎት ደግሞ ከመጀመሪያው አስረዳው። ገብቶታል። መርገጫው የሚያዘው በእነዚያ ሁለት ጣቶች ነው። ሐኪሙ ለሌላ በሽተኛ ተጠርቶ ሲወጣ እኔም መቅደስም የምናውቀውን ሁሉ ተናገርን፤ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ሕይወቱ፣ ስለ ይታይሽ። ፈንታሁን በግድግዳው ጥግ ባለው አልጋ ላይ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ በሩን እያየ ነበር የሚያዳምጠን። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ መስኮቱም ትልቅ። በግንባሩ ላይ ላብ ነበረበት።

«እናንተ ስለ እግር ታወራላችሁ» አለን በመጨረሻ። «ጣቱ ከሄደ ሽመና የለም። ሽመና ከሌለ ምን ብዬ ነው ጉድጓድ የምገባ? ጤነኛ ሰው ያለ ሥራ ጉድጓድ ውስጥ ይውላል? እስካሁን ሸማኔ ነው ብለው ናቁኝ፤ ንቀቱን ችዬዋለሁ። ከዚህ በኋላ እብድ ነው ይሉኛል። እሱን አልችልም።»

ይታይሽ እስከዚያ ድረስ ከእግርጌ ቆማ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ስማኝማ ፈንታ። ለሽመናው ብለህ ስትገባ የኖርክ አድርጌ የማስብ ይመስልሃል?»

አላያትም።

«ጥጥ በጠፋበት ክረምት ድር ሳይኖርህ ገብተህ አልዋልክም? መሣሪያው ተሰብሮ ስንት ሳምንት ቆየ? አናጺው እንዲዘገይ አንተው ነህ የለመንከው፣ ነግሮኛል። ቤት ጥበቃ ነው እያልክ። ሰው ሲመጣ በሩን ማን ዘጋልህ?»

«ታውቂ ነበር?»

«ሳገባህም አውቅ ነበር። የአክስቴ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከጦር ሜዳ ተመልሶ ሦስት ዓመት ጎተራ ሥር ነው የተኛው። ሸማኔ ቢሆን ኖሮ ብየ አዝንለታለሁ፤ ቢያንስ ጉድጓድ ይኖረው ነበር።» እጇን ጤነኛው እግሩ ላይ አኖረች። «ጣትህን ስጥ። ጉድጓድህን ማን ወሰደብህ? የመጣው ይምጣ፣ እብድ ያለህን እኔ አናግረዋለሁ። አንተ ብቻ የምትገባበት እግር ይትረፍህ።»

እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከመስኮቱ ባሻገር የከተማው ጣሪያ ሲያልቅ ሜዳው ይጀምራል፤ ወቅቱ የሩዝ ነውና ውሃ የተኛበት አረንጓዴ እስከ ዓይን መጨረሻ ድረስ ተዘርግቷል። አንድ ከፍ ያለ ነገር የለውም። እዚያ ተወልጄ አድጌ እንዲህ አይቼው አላውቅም ነበር። ዘወር ስል ሐኪሙ ተመልሶ የፈቃዱን ወረቀት ሰጥቶት ነበር። ፈንታሁን ፈረመ። የወታደር ፊርማ ነው፤ አጭርና ግልጽ።

ጣቶቹ በማግስቱ ተቆረጡ። የቀረው እግሩ ተረፈ። ለስኳሩ መርፌ ጀመረ፤ ይታይሽ መውጋት ተማረች፤ «በሬ የምታርድ ይመስል ትወጋኛለች» እያለ ለጠያቂው ሁሉ ይከሳታል። እንቅልፉን የሚያይለት ሐኪም ጋ መቅደስ ወስዳው ነበር፤ አንድ ጊዜ ሄዶ ሁለተኛውን ቀጠሮ ትቶታል፤ ሦስተኛውን ሄጄ አያለሁ ብሏል። ከዚህ የበለጠ ጥሩ ወሬ የለኝም።

መቅደስ ቅጿን ሳትጨርስ ቀርታ ነበርና ከጥቂት ሳምንት በኋላ አብሬያት ተመለስኩ። ፈንታሁን ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጧል። መሣሪያው ተፈትቶ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ ድር የለም፣ መርገጫም የለም። እግሩ በንጹሕ ፋሻ ተጠቅልሎ ከታች በተነጠፈለት ጋቢ ላይ አርፏል። ጋቢው ከተመለሱት አንዱ ነው፤ መስመሮቹ ይታያሉ። መቅደስ ከበርጩማው ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። በዚያ ቀን ስለ ሕልሙ ጠየቀችው፤ እሱም ተመስገን ካለ በኋላ ዝም ሳይል ቀስ እያለ ነገራት። የነገራት ለእሷ ነውና እዚህ አልጽፈውም።

መጨረሻ ላይ የቀረው ስለ ሥራ የሚጠይቀው ነበር። ሦስት ሳጥን አለው፤ በሥራ ላይ፣ ጡረተኛ፣ መሥራት የማይችል። መቅደስ እስክሪብቶዋን ሦስተኛው ላይ አድርሳ ቆመችና ፈንታሁንን አየችው። እሱ ሁለት እጁን የጉድጓዱ አፍ ላይ ዘርግቶ አፈሩን ያያል።

ይታይሽ እንዝርቷን ሳታቆም «በሥራ ላይ በይ» አለቻት።

«ምን ይሠራሉ ልበል እማማ?»

«አታይውም? ተቀምጧል» አለች ይታይሽ። «ጧት ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ማታ ወጥቶ እራት ይበላል። ይኸን ሁሉ ዘመን ሳያስታጉል የሠራው እሱን ነው። ሽመናውንማ በትርፍ ጊዜው ነበር።»

ፈንታሁን ከጉድጓዱ ውስጥ ሳቀ፤ ትከሻው እስኪነቃነቅ። መቅደስ የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች።